ከደጀ ሰላም ወዲህ



ለዚህ ወር ስለ ጾም ሥርዓት ጥቂት ቃል ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ዳሩ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ ወሩ በገባ በ23ኛው ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በምኒልክ አደባባይ አንድ ነገር ስለ ገጠመኝ አሳቤ ሁሉ ወደዚያ ተሳበ። የጾሙን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ይህን ልንገራችሁ። ነገሩ እኔን የሚያስመሰግነኝ አይደለም፤ ስለዚህም በመጀመሪያ ላልጽፈው ቈርጬ ነበር። ኋላ ግን ምናልባት ከእናንተም መካከል እንደ እኔ ያለ ሰው ይገኝ ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አራዳ ጊዮርጊስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ በሰማዕቱ ዕለት ስለ ተገኘ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ካቴድራል የዚያ ድል መታሰቢያ ሆኖ ተሠራ። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ስፍራ ነው። የምኒልክ ሐውልትም በፈረስ ላይ ሆኖ ለሕዝብ የተገለጠው በዚያው ሰሞን ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ፋሺስቶች ሐውልቱን ነቅለው ሰወሩት፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጊዜም በካቴድራሉ ላይ እሳት ለቀቁበት። ከነጻነት በኋላ ቤተ መቅደሱም ታደሰ፣ ሐውልቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዐድዋ ድል መታሰቢያ በአጠገቡ ተሠርቶ ተከፈተ፤ የፒያሳም አሮጌ ሰፈር ብዙው ክፍል ፈርሶ መንገዱ ሰፋ። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ በደጀ ሰላሙ ላይ ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በ23 ጧት በግራና በቀኝ የሚሰለፉት ነዳያን ናቸው።

በዚያ ጧት አርፍጄ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አንድ ጧፍ ገዝቼ፣ እንደ ልማዴም ዝርዝር አዘጋጀሁ። እንደምታውቁት በአጥሩ ዙሪያ የብር ኖት ተቀብለው ጥቂት ቀንሰው ሳንቲም የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ንግዳቸውን አልነቅፍም፣ መጽዋቹ ሲበዛ ዝርዝር የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋልና። ከእነርሱ የተቀበልሁትን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እያደልሁ፣ ዐይኔን ወደ በሩ አቅንቼ፣ ስሮጥ አለፍሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የአንዱን ፊት እንኳ አስታውሳለሁ ብል ሐሰት ይሆንብኛል።

በሰልፉ መጨረሻ አንዲት አሮጊት ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የቀረችኝን ብር ዘረጋሁላቸው። እርሳቸው ግን እጃቸውን በመዘርጋት ፈንታ ከመቀነታቸው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡና፦

«ልጄ፥ ገንዘቡስ ይቆየኝ። ይህችን ወረቀት አንብበህ መድኃኒቱ የሚሸጥበትን ብታሳየኝ ጊዮርጊስ ይከተልህ። ዐይኔ እንደ ልብ አያይልኝም፤ መንገዱም ተለዋውጦ ጠፋብኝ» አሉኝ።

«እናቴ፥ ቅዳሴው እያመለጠኝ ነው፤ እግዚአብሔር ያመልክትዎ» አልኋቸውና ብሯን በነጠላቸው ላይ ጥዬ ገባሁ።

እስቲ ይህን ቃል ጥቂት እንመርምረው። በሀገራችን የሚለምነንን ሰው ስንመልስ «እግዚአብሔር ይስጥዎ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። የምንሰጠው ነገር በእውነት ሲጐድለን ቃሉ ምርቃት ነው፣ ለሰሚውም ማጽናኛ ይሆናል። ነገር ግን የተለመንነው ነገር በእጃችን ሳለ እንዲህ ያልን እንደ ሆነ የራሳችንን ዕዳ በእግዚአብሔር ስም ላይ ጽፈን መሄዳችን ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ መድኃኒት ቤቶቹንም አውቃቸዋለሁ፤ ከዚያ እስከ መጀመሪያው መድኃኒት ቤት ደርሶ መመለስም ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እግዚአብሔር እንዲያመለክታቸው የጸለይሁላቸውን መንገድ ያመላክታቸው ዘንድ እኔን ከፊታቸው አቁሞኝ ነበር።

ገብቼ ቆምሁ። የዕለቱ ወንጌል ምን እንደ ነበረ አልነግራችሁም፤ አልሰማሁትምና። ሥጋዬ በቅኔ ማሕሌቱ ቆሞ ልቤ በዚያች በተጣጠፈች ወረቀት ዙሪያ ይዞር ነበር። ወጥቼ ልመለስ አልሁ፤ ደግሞ ቅዳሴ አቋርጦ መውጣት ነውር ነው አልሁ፤ በዚህ ስከራከር ሰዓቱ አለፈ።

ከሥርዐተ ቅዳሴው በኋላ ስወጣ አሮጊቷ ከቦታቸው የሉም። ከአጠገባቸው የነበሩትን አንድ ዐይነ ስውር አባት ብጠይቃቸው፣ አንድ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ይዟቸው መሄዱን ነገሩኝ። ጥቂት እንደ ቆየሁ ሁለቱ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ቀስ እያሉ ሲመጡ አየሁ። ልጁ ዕድሜው ከዐሥራ አራት የማያልፍ ነው። ሳጥኑን ለጓደኛው አደራ ብሎ፣ አሮጊቷን በክንዳቸው ይዞ፣ ሦስት መድኃኒት ቤት አዳርሷቸዋል። የሐኪሙን ጽሕፈት ማንበብ ስላቃተው በየቤቱ ወረቀቱን እያሳየ ነበር የሚጠይቀው። መድኃኒቱ በሦስተኛው ተገኝቷል፤ ዋጋው ግን አሮጊቷ በመቀነታቸው ከቋጠሩት በላይ ሆነ። ልጁ ጧት ከጠረገው ጫማ ያገኘውን 40 ብር ጨምሮላቸው አሁንም አልሞላም። ስለዚህ ተመልሰው መምጣታቸው ነው።

የጐደለውን ከፈልሁ። ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ ያን ጊዜ መክፈል ከማፈር በጣም ይቀል ነበር። ለልጁም 40 ብሩን መለስሁለት። እምቢ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይበልጥ ያምር ነበር፤ ልጁ ግን ተቀበለኝ፤ ምሳው እርሷ ነበረችና። ከዚያም «ጋሼ፥ ሳጥኔን አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» ብሎኝ ሮጠ። በአንገቱ ላይ ማተብ ይኖር እንደ ሆነ ዐይኔ ፈልጎ ነበር፤ አላየሁም። ስለ ሃይማኖቱ አልጠየቅሁትም፤ መጠየቁም በዚያ ሰዓት አሳፈረኝ።

ወንበዴዎች ደብድበው በመንገድ ስለ ጣሉት ሰው ጌታችን የተናገረውን ምሳሌ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልሰማ የለም። ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት በሌላ በኩል አለፉ፤ የራራለት ባዕድ የተባለው ሳምራዊ ነበር። እኔ ይህን ምሳሌ ስሰማ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ካህኑንና ሌዋዊውን እንደ ክፉ ሰዎች አድርጌ እስላቸው ነበር። አሁን ግን ምናልባት እንደ እኔ የተቻኰሉ፣ ለቤተ መቅደሱም የሚቀኑ ሰዎች ይሆኑ ነበር እላለሁ። ይልቁንም ካህኑ ይወርድ የነበረው ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ መሆኑን ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል፤ አገልግሎቱን ፈጽሞ ሲመለስ ይሆናል። እኔ ደግሞ ስገባ ነበርሁ። በመግባትም በመውጣትም ያው ፈተና አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሳብ የሚያቀርብልኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። «እንግዲያስ ደግ መሥራት ካለ ማስቀደሱ፣ መጾሙ፣ መሳለሙ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። ይህ አነጋገር በዘመናችን በየቡና ቤቱ ይሰማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ልጁ ደግ ስለ ሆነ የእኔ ቅዳሴ ከንቱ ነው የሚል ትርጕም የለውም፤ የሚያሳየው ቅዳሴዬን በደጀ ሰላሙ ላይ መቋጨቴን ነው። ለዚህም ከሩቅ ሳልሄድ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸውን የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ሕይወት ላንሣ።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው በጣልያን ጦርነት ሞቱባቸው፤ በአያቶቻቸው ዘንድ አደጉ፤ በልጅነታቸውም ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ከባላቸው ቤት ወደ አዲስ አበባ ኰበለሉ። በከተማው ጥቂት ተምረው፣ በቡናና በእህል ድርጅት ሥራ ይዘው፣ ሁለተኛ ትዳር መሥርተው በሰላም ይኖሩ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት መግቢያ ላይ ግማደ መስቀሉ ይገኝበታል ተብሎ ወደሚታመነው ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ወረዱ። በዚያን ጊዜ ወሎን ረኃብ ይዞት ነበር። በመንገዱ ዳርና ዳር ሰው ወድቆ አዩ፤ ለስንቅ የያዙትን ዳቦና ለበረከት የቀዱትን ጠበል ለተራቡትና ለተጠሙት አደሉ። ከዚያም የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ።

ከዚህ ላይ ብዙዎቻችን አልቅሰን እንመለስ ነበር። እርሳቸው ግን ያን ሕፃንና አንድ ሌላ ልጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባላቸውና ዘመዶቻቸው ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ አስጨነቋቸው፤ እርሳቸውም ልጆቹን ይዘው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። በከተማው ዳር በደሳሳ ጎጆ እየኖሩ፣ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ አሳደጓቸው። ከዚያ ጎጆ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተነሣ፤ እጅግ ብዙ ወላጅ ያጡ ልጆችም በእርሱ አደጉ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ዐርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ያ ጠበል ነው። ጠበል ከግሸን መቅዳት ለቤተሰብ ትልቅ በረከት መሆኑን እናውቃለን፤ በቤት የታመመ ይጠጣዋል፣ ደጅ ያለ ጎረቤት ይካፈለዋል። እርሳቸው ለቤታቸው የቀዱትን ለተጠማ ሰው ማጠጣታቸው በረከቱን የቀነሰው ይመስላችኋል? ወደ ግሸን ባይወጡ ኖሮ ያን ሕፃን ባላዩት ነበር። ወደ መቅደሱ ያደረጉት መንገድ ወደ ሕፃኑ አደረሳቸው። ስለዚህ መሳለምና ሰውን መርዳት እንደ ሁለት ባላጋራ ተደርገው ሲነገሩ ስሰማ እኒህን እናት አስባለሁ።

የቀድሞ አባቶቻችንም ከዚህ የተለየ አልኖሩም። ከ14ቱ ቅዳሴያት ሁለቱ በስማቸው የሚጠሩት ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከመሥዋዕቱ ጠረጴዛ ወደ ድኃው የሚያወጣውን መንገድ ያውቁት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ4ኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜ ባስልዮስ ከገንዘቡ እህል ገዝቶ ሕዝቡን መገበ፤ ጳጳስ በሆነም ጊዜ ከቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን የሚሆን ትልቅ ማደሪያ አሠራ፤ ለምጻሞችንም ሌላው ሲሸሻቸው እርሱ ቀርቦ ያገለግላቸው ነበር። አፈ ወርቅም ለባለጸጎች፣ በመቅደስ ውስጥ ጌታን በሐር አክብረው በደጅ ሲበርደው ችላ እንዳይሉት አጥብቆ ያስተምር ነበር። እንዲህ ያለው ስብከት ለቤተ መንግሥቱ አልጣመም፤ በስደት ሳለም በ407 ዐረፈ። ቅዳሴያቸውን ዛሬ ስናስቀድስ ይህንም ማስታወስ ይገባናል።

ወደ አደባባዩ ልመለስ። በፈረስ ላይ ያሉትን ንጉሥ የምናስባቸው በጦርና በጋሻ ነው። ሆኖም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን በሆነ ጊዜ፣ የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጅቶ ገበሬው የሚያርስበት ባጣ ጊዜ፣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ታሪካቸው ይናገራል። መኳንንቱ በእጅ መቈፈርን እንዳይንቁ ምሳሌ መሆናቸው ነበር። ቀራጺ ብሆን ኖሮ ዶማውንም በአንድ ጥግ እቀርጸው ነበር፤ ይህ የእኔ ምኞት ነው እንጂ በሐውልቱ ላይ የማገኘው ጕድለት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንግባ፤ የዚህ ዐምድ ሥራ የቤተሰብ ነገር ነውና።

በዚያ ቀን ቤት ስደርስ ቁርስ ቀርቦ ነበር። ለባለቤቴና ለልጆቼ የገጠመኝን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ልጆቹ ዝም አሉ፤ ባለቤቴም እንባዋ መጣ። እኔም ኀጢአቴን በመናገሬ ብቻ ግማሹ የቀለለልኝ መስሎኝ፣ ስለ ባልንጀራ ፍቅር ሰፋ አድርጌ ማስተማር ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ ሠራተኛችን የእጅ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። ባለቤቴ ድንገት ቀና ብላ አየቻትና፦

«ለመሆኑ አንቺ በ23 መቼ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂው?» አለቻት።

ልጅቷ ደነገጠች። «እትዬ፥ ስችል ለኪዳን እሄዳለሁ፤ እናንተ ሳትነሡ። ሳልችል ደግሞ ወጡን እያማሰልሁ ከድምፅ ማጉያው እሰማለሁ» አለች።

አራት ዓመት ከእኛ ጋር ኖራለች። ቤታችን ከካቴድራሉ ሩቅ አይደለም፤ የቅዳሴው ዜማ በእውነት እስከ ማእድ ቤታችን ይሰማል። በየወሩ በ23 እኛ ስናስቀድስ እርሷ የእኛን ቁርስ ታዘጋጃለች፤ ስንመለስም ትኩስ ቡና ይጠብቀናል። የንስሐ አባት አላት ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። በፍልሰታ ጾም እኛ ሱባዔ ስንይዝ እርሷ ለጾመኞቹ የሚሆነውን ሽሮና ሱፍ ስትፈትግ እንደምትውል እንኳ ልብ አላልሁም። በደጀ ሰላም ያሉትን አሮጊት አላየኋቸውም ብዬ ስጸጸት፣ በቤቴ ውስጥ በየቀኑ እጄን የምታስታጥበኝን ልጅ ሳላይ አራት ዓመት አልፎ ነበር።

ደመወዟስ? ባለቤቴ እንዲጠራቀምላት ብላ ታስቀምጥላት ነበር፤ ይህን ልማድ ብዙ ቤት ታውቁታላችሁ። አሳቡ ለልጅቷ የሚበጅ ነው እንላለን። ሒሳቡን ስናየው ግን የስድስት ወር ተከማችቶ፣ ከእርሱም ላይ እኛ ራሳችን «ወር ሲደርስ እንተካዋለን» እያልን የተበደርነው ነበረበት። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ የጻፈውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ አንድ ክፉ ባለጸጋ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡን በሙሉ ሰጥተን በስሟ የባንክ ደብተር አወጣችበት። ምን እንዳደረገችበት መጠየቅ የእኛ ድርሻ ስላይደለ አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያደረግነው ጥቂት ነው፤ እሱም ያለ ችግር የሆነ አይምሰላችሁ። በ23 እኛ ወይም እርሷ በተራ እናስቀድሳለን፤ አንዳንድ ጊዜም ሁላችንም ሄደን ቁርሱን በአንድነት እንሠራለን። የመጀመሪያው ጊዜ ትልቁ ልጄ ያነደደው ሽሮ አረረ። ማታ ማታ ትምህርት ጀምራለች፤ በዚህም ምክንያት እራታችን የሚቀርበው ከቀድሞው ዘግይቶ ነው፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሁልጊዜ በደስታ አልጠብቀውም። እንግዳ የመጣብን አንድ ቀን ቅር ተሰኝቼ ድምፄን ከፍ አድርጌባታለሁ። ማታውን ይቅርታ ጠየቅኋት። አባወራ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየ ልጅ ምን ያህል እንደሚማር በዚያን ቀን ከልጆቼ ፊት አነበብሁ፤ አንድ ዓመት ብሰብክላቸው ያን ያህል አያዳምጡኝም ነበር።

ስለ ጽዋ ማኅበራችንም አንድ ነገር ልናገር፤ ምናልባት የሚቀየመኝ ወንድም ይኖር ይሆናል። አባቶቻችን ማኅበር ሲያቆሙ አንድ ዳቦና አንድ ማድጋ ጠላ ለጽዋተኛውም ለነዳያኑም እንዲዳረስ ነበር። አሁን በብዙ ቤት ማኅበሩ የወጥ ዐይነት የሚቈጠርበት ውድድር ሆኗል። የአምናዋ ባለ ተራ አምስት ዐይነት ካቀረበች የዘንድሮዋ ሰባት ካላቀረበች ታፍራለች፤ ዐቅም ያነሳትም ማኅበርተኛ ተራዋ ሳይደርስ ትወጣለች። ወጥታም የት እንደ ደረሰች የሚጠይቅ የለም። ይህን የምለው በሰሚ ሰሚ አይደለም።

እኒያ አሮጊት ለካ ነዳይ አልነበሩም። ሲደክማቸው ዐረፍ ለማለት ከሰልፉ ጫፍ ተቀምጠው ነው እንጂ የአጥቢያው የቆዩ ምእመን ናቸው። ይህንም ያወቅሁት መድኃኒቱን ገዝተን ወደ ታክሲ ስሸኛቸው ነው። ኀምሳ ዓመት ከካቴድራሉ በታች ኖረዋል። ሰፈሩ ሲነሣ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ከተማው ዳር ሄዱ፤ ጎረቤቱም እያንዳንዱ በየፊናው ሆነ። በአዲሱ ሰፈር ደግ ሰዎች እንዳሉ ነገሩኝ፤ ቤተ ክርስቲያንም ቅርብ ነው፤ ግን በ23 ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ታቦታቸው ይመጣሉ። መንገዱ የጠፋባቸው ለዚህ ነው፤ በልባቸው ያለው ፒያሳ የቀድሞው ነውና፣ መድኃኒት ቤቱን የሚፈልጉት በድሮ ቦታው ነበር። ከሁሉ የበለጠ የጐደለባቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ማኅበራቸው መሆኑን ነገሩኝ። «ዐሥራ ሁለት ነበርን። አሁን ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳለ አላውቅም» አሉኝ።

አንባቢዎቼ፥ በእያንዳንዳችን የእጅ ስልክ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ያልደወልንለት የቀድሞ ጎረቤት አለ። በዚህ ሳምንት ለአንዱ ብቻ ደውሉ። ጤናውን ጠይቁ፤ ታሞ እንደ ሆነ ሂዱ፤ ርቆ እንደ ሆነ በማኅበራችሁ ቀን የሚያመጣው ሰው ላኩ። ዳቦውን ቀንሳችሁ ለታክሲው አውሉት፤ ቅዱሱ የሚቀየም አይመስለኝም።

ባለቤቴም በዚሁ መንገድ ተነሣች። አሮጊቷ ካስታወሷቸው የማኅበርተኞች ስሞች ተነሥታ፣ ከዚያ ሰፈር የነበረችን አንዲት ዘመዷን ጠይቃ፣ አንዷ ሌላዋን እያመለከተች እስካሁን አምስቱን አግኝተናል። ሁለቱ ዐርፈዋል፤ ይህን ስንነግራቸው አዘኑ፣ ስማቸውንም ለጸሎተ ፍትሐት አስጻፉ። ሦስቱ በሕይወት አሉ። የቀሩትን ገና አላገኘንም።

ባለፈው ወር በ23 ከደጀ ሰላሙ በፊት ቀድሜ ደረስሁ። ልጁ ሳጥኑን ይዞ ከተለመደው ቦታው ተቀምጧል፤ ሰላምታ ሰጥቶኝ ጫማዬን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አቧራ ነበረበት። አሮጊቷ ሁለት ታክሲያቸውን ይዘው መጡ። ከሦስቱ ማኅበርተኞች አንዷ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ደርሰው ነበርና፣ ሁለቱ ሲተያዩ ከማልቀስ በቀር ብዙ አልተናገሩም። ስማቸውን ጠይቄያቸዋለሁ፤ የክርስትና ስማቸውንም ነግረውኛል፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ቅዳሴው ሲፈጸም ወደ ቤታችን ይዘናቸው ሄድን። በዚያ ቀን ያስቀደሰችው ሠራተኛችን ስለ ነበረች ቁርሱ ገና አልተሠራም ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች ሽንኵርት እንክተፍ ብለው አስቸገሩን፤ ተዉ ብንላቸው አልሰሙንም። ከበሉና ቡናውን እስከ ሦስተኛው ከጠጡ በኋላ ልጅቷ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ ከወረቀቱ ላይ አነበበችላቸው፤ ማንበቧ አሁን በጣም ተሻሽሏል። ከዚያም ክንዳቸውን ይዛ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው።